ጋቢ ከኤሲው ፊት፣ ላብ ከዲቫይደሩ ማዶ፦ በአዳማ ቤት ዕቃ ሲደረደር የአየሩን መንገድ ስለመጠበቅ

የቀረበልኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «የምንኖረው አዳማ ነው። ሳሎናችን 6 ሜትር በ5 ሜትር ሲሆን፣ በምዕራብ በኩል ባለው አጭር ግድግዳ ላይ ባለ 18,000 ቢቲዩ ኤሲ ተገጥሟል፤ ከኤሲው ጎን ትልቅ መስኮት አለ። ሶፋው ከኤሲው ሥር ነው። ከኤሲው በ2 ሜትር ያህል ርቀት ሳሎኑን ከምግብ ጠረጴዛው የሚለይ፣ ቁመቱ 2 ሜትር ከ20 የሆነ የእንጨት ዲቫይደር ቆሟል። ከሰዓት በኋላ ኤሲው ጨርሶ አያርፍም፤ ማታ ደግሞ በየጥቂት ደቂቃው እየቆመ ይነሣል። ጀርባቸውን ለዲቫይደሩ ሰጥተው የሚቀመጡት እናቴ ጋቢ ደርበው ይበርዳቸዋል፤ ምግብ ጠረጴዛው ጋ የሚያጠኑት ልጆች ግን ያልባቸዋል። ኤሲውን የገጠመልን ሰው ባለ 24,000 ግዙ ብሎናል። አሜሪካ ያለችው እህቴ ደግሞ ዕቃዎቹን ከአየር መውጫው አርቁ ትላለች። የመኝታ ቤቱ ኤሲ ከአልጋው ራስጌ በላይ ነው። ምን ብናደርግ ይሻላል?»

ውድ ጠያቂ፣ ሁኔታውን እንዲህ ለይተው ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰኝ ጥያቄ «ኤሲው አያቀዘቅዝም» ከሚል አንድ ዓረፍተ ነገር አያልፍም፤ እርስዎ ግን ሰዓቱንም፣ ርቀቱንም፣ ማን የት እንደሚቀመጥም ስለነገሩኝ ቤትዎን ሳላይ ብዙውን መናገር እችላለሁ። ባለ 24,000 አይግዙ፤ ቢያንስ ዲቫይደሩን ከቆመበት ሳያነሡና የመጋረጃውን አናት ሳይዘጉ አይግዙ። ከነገሩኝ ምልክቶች እንደምረዳው የማሽኑ ጉልበት አላነሰም፤ ያስቸገረው የሚያወጣው አየር መንገዱን ሳይጨርስ ወደ ራሱ መመለሱ ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ማሽኑ እንዴት እንደሚሠራ ላስቀድም። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የኤሲው የውስጥ ክፍል ቀዝቃዛ አየር ብቻ የሚተፋ ሣጥን ይመስለናል፤ ዓይናችንም ሁልጊዜ የሚያርፈው ከታች በኩል በሚከፈተው ምላስ ላይ ነው። ነገር ግን የሚያወጣውን ያህል ይስባል፤ የሚስበውም በአናቱ በኩል፣ ከኮርኒሱ ሥር ካለው አየር ነው። ባለ 18,000 ቢቲዩ (ቢቲዩ የማቀዝቀዝ ዐቅም መለኪያ ነው) የሆነ ኤሲ በሰዓት ከ700 እስከ 900 ሜትር ኩብ የሚሆን አየር ያዘዋውራል። የእርስዎ ሳሎን የኮርኒሱ ከፍታ 2 ሜትር ከ80 ነው ብንል የሚይዘው አየር 84 ሜትር ኩብ ነውና፣ ማሽኑ የሳሎኑን አየር የሚያህል መጠን በየስድስትና በየሰባት ደቂቃው አንድ ጊዜ ያስገባል ያስወጣል ማለት ነው። የክፍሉን ሙቀት የሚለካው ሴንሰርም በብዙዎቹ ሞዴሎች ላይ የተቀመጠው እዚያው አየር በሚስብበት አናቱ አጠገብ ስለሆነ፣ ማሽኑ የሚያውቀው ሙቀት እናትዎ የተቀመጡበትን ወይም ልጆቹ የሚያጠኑበትን ሳይሆን በአናቱ በኩል የሚገባውን አየር ሙቀት ብቻ ነው። አናቱ ላይ ያለው አየር ከቀዘቀዘ ቤቱ በሙሉ የቀዘቀዘ ይመስለዋል፤ ከሞቀም እንዲሁ።

እንግዲህ ማታ ማታ የሚሆነውን እንመልከት። ከምላሱ በአግድም የሚወጣው ቀዝቃዛ አየር ምንም ካልከለከለው ኮርኒሱን ተጠግቶ ብዙ ሜትር ይጓዛል፤ ከዚያም ክብደቱ እያየለ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ቀዝቃዛ አየር ከሞቃት አየር ስለሚከብድ ኤሲ ከፍ ብሎ የሚሰቀለውም ለዚሁ ነው። በእርስዎ ቤት ግን አየሩ 2 ሜትር እንደተጓዘ ከዲቫይደሩ ጋር ይጋጫል። ከፊሉ በዲቫይደሩ ፊት ቁልቁል ይወርድና እናትዎ አንገትና ትከሻ ላይ ያርፋል፤ ከፊሉ ደግሞ ወደ ኋላ ተመልሶ በኤሲው አናት ይገባል። ማሽኑም የራሱን ቀዝቃዛ አየር መልሶ እየሳበ «ቤቱ በርዷል» ብሎ ኮምፕረሰሩን፣ ማለትም የማቀዝቀዣውን ጋዝ የሚያምቀውን ሞተር፣ ያቆማል፤ ጥቂት ቆይቶ ሙቀቱ ሲመለስ እንደገና ይነሣል። በየጥቂት ደቂቃው ይቆማል ይነሣል ያሉት ይህንኑ ነው። ይህ መቆምና መነሣት ለኮምፕረሰሩ ጤና አይሰጠውም፤ ለኤሌክትሪክ ሂሳቡም እንደዚያው። የልጆቹ ላብም ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ከዲቫይደሩ ማዶ የሚደርሳቸው በላዩ ላይ ባለው ክፍተት የተረፈው አየር ብቻ ነውና። ዲቫይደሩ አናት ላይ የአበባ ማስቀመጫ፣ ዋንጫና ፎቶ ከተደረደረ ደግሞ ያ ክፍተትም ጠቧል ማለት ነው።

ከሰዓት በኋላ ያለው ችግር ፍጹም ተቃራኒው ነው፤ ምንጩም መስኮቱ ነው። በአዳማ ከ8 ሰዓት ጀምሮ እስክትጠልቅ ድረስ ፀሐይ ምዕራባዊውን ግድግዳና መስኮት ፊት ለፊት ትመታለች። ጥላ በሌለው ተራ መስታወት በኩል በአንድ ካሬ ሜትር ከ500 ዋት በላይ የሚሆን ሙቀት ሊገባ ይችላል። መስኮትዎ 3 ካሬ ሜትር ቢሆን 1,500 ዋት ማለት ነው፤ ባለ 18,000 ቢቲዩ ኤሲ የማቀዝቀዝ ዐቅሙ ወደ 5,300 ዋት ስለሆነ፣ ከጉልበቱ ከሩብ በላይ የሚሆነው ለዚያ መስኮት ብቻ ይሄዳል። በዚያ ላይ የመጋረጃው ጣጣ አለ። በመስታወቱና በመጋረጃው መካከል የታሰረው አየር ይግላል፤ ሲግል ወደ ላይ ይወጣል፤ መጋረጃው በዘንግ ላይ ከተንጠለጠለና አናቱ ክፍት ከሆነ ያ የጋለ አየር እንደ ጭስ ማውጫ በአናቱ ይወጣል። ከጎኑ ደግሞ ኤሲው በአናቱ እየሳበ ተቀምጧል። ስለዚህ ሳሎኑ ውስጥ 26 ዲግሪ ሆኖ ሳለ ለማሽኑ የሚደርሰው አየር 30 ሊሆን ይችላል፤ ባያርፍ አይፈረድበትም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ አንድ ቤት ተጠርቼ ሄጄ ነበር። የመኝታ ቤቱ ኤሲ በየአራት ደቂቃው ይቆማል። ከእኔ በፊት የመጡ ሁለት ባለሙያዎች እያንዳንዳቸው «ጋዝ ጎድሏል» ብለው ሞልተው ሄደዋል፤ ባለቤቱም ሁለት ጊዜ ከፍሏል። እኔም መጀመሪያ ያወጣሁት የጋዝ መለኪያውን ነበር፤ አልደብቅም። መለኪያውን ሰክቼ ከፍ ያለ ግፊት ሳይ ግራ ተጋብቼ ቀና ስል፣ ከኤሲው ፊት በ70 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቀት ኮርኒስ ሊነካ ጥቂት የቀረው ባለ አራት በር ቁም ሣጥን ቆሟል። እጄን በቁም ሣጥኑና በኤሲው መካከል ብዘረጋ አየሩ ቁም ሣጥኑን መትቶ ሲመለስ መዳፌ ላይ ይታወቀኛል። ለካስ ቁም ሣጥኑ የመጣው ኤሲው ከተገጠመ በኋላ፣ ልጃቸው ስታገባ ክፍሏ ሲበተን ነው። ለአራት ሆነን ቁም ሣጥኑን ወደ ጎን ግድግዳ አዞርነው፤ ያለ መጠን የገባውንም ጋዝ አስተካከልኩ። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ኤሲ ተደውሎልኝ አያውቅም።

ዕቃ ማንሣት ከመጀመርዎ በፊት ግን በቃሌ ብቻ እንዳይሄዱ አንድ ቀላል ሙከራ ያድርጉ። ሶፍት ይውሰዱና ሁለት ጣት ስፋት፣ አንድ ክንድ ርዝመት ባለው ቁራጭ ቀድደው በመጥረጊያ እንጨት ጫፍ ላይ በክር ይሰሩት። ኤሲውን ያስነሡ፤ የአየር ፍጥነቱን ከፍ ያድርጉ፤ ምላሱንም በሪሞቱ አግድም ያቁሙት፤ ስዊንግ የሚባለውን ያጥፉ። ከዚያ እንጨቱን ከፍ አድርገው ከኤሲው ፊት ጀምረው ወደ ዲቫይደሩ ቀስ እያሉ ይራመዱ። ሶፍቱ መጀመሪያ ወደ ፊት ተዘርግቶ ይውለበለባል። ወደ ዲቫይደሩ ሲጠጉ ያመነታል፤ አንዴ ወደ ታች፣ አንዴ ወደ ኋላ ይላል። አየሩ የሚመታበት ቦታ እዚያ ነው። ቀጥለው እናትዎ ከሚቀመጡበት ወንበር በላይ ያድርጉት፤ ቁልቁል ሲንቀጠቀጥ ካዩ ጋቢው ለምን እንዳስፈለገ ያኔ ይገባዎታል። ከሰዓት በኋላ በ9 ሰዓት ደግሞ በኤሲውና በመጋረጃው አናት መካከል ያድርጉት፤ ከመጋረጃው ወደ ኤሲው የሚያዘነብል ከሆነ ከላይ የነገርኩዎት የጋለ አየር መንገዱ ያ ነው። ከዲቫይደሩ ማዶ፣ ከልጆቹ ራስ በላይ የሚሆነውንም ሳያዩ አይተዉ። እኔ ራሴ በመሣሪያ ከመለካቴ በፊት ይህን አደርጋለሁ፤ ለቤቱ ሰዎችም ከቁጥር ይልቅ ይህ ቶሎ ይታያቸዋል።

አሁን ወደ አቀማመጡ ልምጣ። ከሁሉ የሚቀድመው ዲቫይደሩ ነው። በስፋቱ አየሩን አግዶ ከሚቆም ጀርባውን ለደቡቡ ወይም ለሰሜኑ ረጅም ግድግዳ ሰጥቶ ይቁም፤ ያን ጊዜ አየሩ 6 ሜትሩን ሙሉ ይጓዛል። የምግብ ቦታውና ሳሎኑ ካልተለዩ አይሆንም ካሉ፣ ከ1 ሜትር ከ20 ያልበለጠ ዝቅተኛ መደርደሪያ ይለየው፤ ወይም አናጢ ጠርተው የዲቫይደሩን የላይኛውን ግማሽ ጀርባ ያስነቅሉለት፤ ክፍት መደርደሪያ ሆኖ አየር ያሳልፋል። የመጨረሻው በግማሽ ልብ የምመክረው ነው፤ ክፍት መደርደሪያ ብዙም ሳይቆይ በሳህንና በብርጭቆ ተሞልቶ ተመልሶ ግድግዳ እንደሚሆን ስለማውቅ።

እናትዎን ከሰሜኑ ግድግዳ ጋር፣ ከኤሲው ቀጥተኛ መስመር ወጣ ባለ ማዕዘን ያስቀምጧቸው። ከምላሱ ኋላ ያሉት ትንንሽ ቀጥ ያሉ ክንፎች በብዙ ኤሲዎች ላይ በእጅ የሚዞሩ ናቸው፤ ማሽኑን አጥፍተው ከእናትዎ ተቃራኒ ወደሆነው ጎን ጥቂት ይመልሷቸው። የኤሲውን ሙቀት 18 ላይ አድርጎ ጋቢ መደረብ በየቤቱ የማየው ነገር ነው፤ አየሩ መንገዱን ካገኘ 25 ወይም 26 ይበቃል። 18 ላይ ማድረግ ቤቱን ፈጥኖ አያቀዘቅዘውም፤ በተለይ በተራው፣ ኢንቨርተር ባልሆነው (የኮምፕረሰሩን ፍጥነት ከፍና ዝቅ በማያደርገው) ኤሲ ላይ ማሽኑ ሳያርፍ ረጅም ሰዓት እንዲሠራ ብቻ ያደርገዋል።

ከኤሲው ሥር ስላለው ሶፋ ብዙ አይጨነቁ፤ ምላሱ አግድም ሲሆን ከሥሩ የሚቀመጥ ሰው ላይ አየሩ አይወርድም። እኔን የሚያሳስበኝ ውሃው ነው። ኤሲ ከአየሩ የሚያወጣው ውሃ በቀጭን ቱቦ ወደ ውጭ ይፈሳል፤ ቱቦው በአቧራና በዝቃጭ ሲደፈን ውሃው በግድግዳው ላይ ወደ ቤት ይመለሳል። ከሥሩ ቴሌቪዥን፣ ዴክ ወይም ስታቢላይዘር ካለ ነገሩ ከመበላሸትም አልፎ አደጋ ነው፤ ከኤምዲኤፍ የተሠራ ቡፌ ካለም ውሃ የጠጣው ጠርዝ ያብጣል፤ ተመልሶም አይስተካከልም። ደግሞም ኤሲውን ለማጠብ የሚመጣው ሰው መሰላል የሚያቆምበት ቦታ ያስፈልገዋል። ከባድና ረጅም ሶፋ ከኤሲው ሥር ሲሆን ባለሙያው ሶፋው ላይ ቆሞ በአንድ እጁ ሲሠራ አይቻለሁ፤ ራሴም አድርጌዋለሁ፤ እንዲህ የታጠበ ኤሲ በደንብ አይታጠብም። ስለዚህ ረጅሙ ሶፋ ወደ ሰሜኑ ግድግዳ ይዙር፤ ከኤሲው ሥር ሁለት ነጠላ ወንበሮች ይሁኑ፤ ሲያስፈልግ በቀላሉ ይነሣሉ።

ለመስኮቱ መጋረጃ ብቻ አይበቃም። መጋረጃ የሚከላከለው ሙቀቱ በመስታወቱ ካለፈ በኋላ ስለሆነ ቀድሞ የገባውን አይመልሰውም። ከውጭ በኩል ትንሽ የሸራ ወይም የቆርቆሮ ጥላ፣ ወይም ቦታ ካለ ቅጠሉ የሚበዛ ዛፍ ከማንኛውም ወፍራም መጋረጃ ይሻላል። የምዕራብ ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትመጣ ጥላው ወደ ታች የሚዘነብል ቢሆን ይመረጣል። ይህ እስኪሆን የመጋረጃውን አናት እስከ ኮርኒሱ በሚደርስ የእንጨት ሣጥን ይዝጉት፤ የመጋረጃው ጫፍም ወለሉን ይንካ። አየሩ ከታች ካልገባ ከላይ አይወጣም። ሣጥኑ ግን ከኤሲው ጎን ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፤ በኤሲው አናትና በኮርኒሱ መካከልም የዚያኑ ያህል ክፍተት ይኑር። ለጌጥ ተብሎ ኤሲው ራሱ በጂፕሰም ሣጥን ውስጥ ሲቀበር የማየው ነገር አለ፤ እሱን ያደረገ ሰው ማሽኑን አፉን ይዞ ሩጥ እንዳለው ይቁጠር።

የአሜሪካዋ እህትዎ ምክር ስሕተት የለበትም፤ የሌላ ቤት ምክር ስለሆነ ነው እንጂ። በዚያ በብዙ ቤቶች ሙቀቱም ቅዝቃዜውም ከአንድ ማሽን ተነሥቶ በቆርቆሮ ቦይ እየተከፋፈለ በየክፍሉ ወለል ወይም ኮርኒስ ላይ በተሠራ ፍርግርግ ይወጣል። የወለሉ ፍርግርግ አብዛኛውን ጊዜ ከመስኮት ሥር የሚደረገው በክረምታቸው ብርዱ ከመስታወቱ ላይ ቁልቁል ስለሚወርድ፣ ሞቃቱ አየር ከታች ተነሥቶ እንዲቀበለው ነው። እዚያ ሶፋ በፍርግርጉ ላይ ካረፈ ሙቀቱ ሶፋው ሥር ይቀራል፤ ረጅም መጋረጃ በላዩ ከወረደም ሙቀቱ በመጋረጃውና በመስታወቱ መካከል ይባክናል። ከዚህም ሌላ አየሩ ወደ ማሽኑ የሚመለስበት ሰፋ ያለ ፍርግርግ አላቸው፤ እሱን በመደርደሪያ መክደን መውጫውን ከመክደን አያንስም። በእኛ ቤት መውጫውም መመለሻውም አንድ ሣጥን ላይ፣ ከራሳችን በላይ ስለሆነ ወለል ላይ ያለው አጭር ዕቃ እምብዛም አያግደውም፤ የሚያግደው ረጅሙ ነው። ስለዚህ የእህትዎን «ዕቃዎቹን ከአየር መውጫው አርቁ» የሚለውን ምክር «ረጅሙን ዕቃ ከኮርኒሱ ሥር ካለው የአየር መንገድ አርቁ» ብለው ይተርጉሙት።

ስለ ሳሎን እያወራሁ ቡናን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም፤ ይህን ክፍል ከሌላው ሁሉ አስበልጠው እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ። ተራው የግድግዳ ኤሲ ከውጭ አዲስ አየር አያስገባም፤ ያንኑ የቤቱን አየር ደጋግሞ ያዞራል። ኤሲ ስለበራ በርና መስኮት ተዘግቶ፣ ከረከቦቱ አጠገብ ከሰል ተቀጣጥሎ ሦስቱም እስኪጠጣ የሚቆይበት ቤት ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ሽታም ቀለምም የሌለው መርዛማ ጋዝ ይጠራቀምበታል። ከሰሉ ፍም ሆኖ ጭሱ ስለጠፋ ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ቤቱ ስለቀዘቀዘም አየሩ ንጹሕ ሆነ ማለት አይደለም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም ሲመጣ «ኤሲው አሞኝ» የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ኤሲው ግን ምንም አላደረገም። ቡናውን በረንዳ ላይ ያፍሉት፤ ቤት ውስጥ ካልሆነ ካሉ ኤሲውን አጥፍተው በርና መስኮቱን በደንብ ይክፈቱ። ዕጣኑም ቢሆን ኤሲው እየሠራ ሲጨስ ጭሱ በማሽኑ እርጥብ ክንፎች ላይ ከአቧራው ጋር ይጣበቃል፤ በኋላ ኤሲው በተነሣ ቁጥር የሚሸተው ጠረን ከዚያ ነው።

ማቀዝቀዣው፣ ማለትም ፍሪጁ፣ ሳሎን ውስጥ ካለ እንደ አንድ ትንሽ ምድጃ ይቁጠሩት፤ ከውስጡ የሚያወጣውን ሙቀት ከኋላው ወደ ሳሎኑ ይለቅቃል። ወደ ማዕድ ቤት ይውሰዱት፤ የማይቻል ከሆነ ከኤሲው ይራቅ፣ ከግድግዳውም 10 ሳንቲ ሜትር ፈቀቅ ይበል። እንጀራ በሚጋገርበት ቀን የማዕድ ቤቱ በር ይዘጋ፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 4,000 ዋት ገደማ ስለሚስብ ሙቀቱ የሳሎኑን ኤሲ ብቻውን ይፈታተነዋል። እንግዳ ሲበዛም ይህንኑ ያስቡ፤ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው 100 ዋት ያህል ሙቀት ይሰጣል፤ አሥር ሰው 1,000 ዋት ነው።

ወደ መኝታ ቤቱ ስንመጣ፣ ኤሲው ከአልጋው ራስጌ በላይ መሆኑ በሁለት ምክንያት አይመችም፤ ውሃ ቢያንጠባጥብ የሚያርፈው ትራስዎ ላይ ነው፤ ሌሊት ምላሱ ዝቅ ካለም አየሩ ፊትዎን ይመታል። አልጋውን ወደ ጎን ግድግዳ ቢያዞሩት አየሩ በአልጋው ግርጌ በኩል አቋርጦ ያልፋል። ክፍሉ ጠቦ የማይዞር ከሆነ ምላሱን አግድም አድርገው ይተኙ። ቁም ሣጥኑ ከኤሲው ፊት ሳይሆን ከጎን ይቁም፤ ከውጭ ግድግዳ ጋር የሚቆም ከሆነም ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፤ ከኋላው አየር ካልዞረ በዝናብ ወራት ሻጋታ ይይዛል፤ ልብሱም ይሸታል። የልጆቹ ክፍል የጣሪያ ቬንትሌተር ካለው ደግሞ ተደራራቢ አልጋ በሥሩ ፈጽሞ እንዳይቆም። የቬንትሌተር ምላጭ ከወለል ቢያንስ 2 ሜትር ከ10 ከፍ ማለት አለበት የሚባለው ወለል ላይ ለሚቆም ሰው ታስቦ እንጂ የላይኛው አልጋ ላይ ቆሞ ለሚዘል ልጅ አይደለም። ቬንትሌተር ሰውን እንጂ ክፍልን እንደማያቀዝቅዝም አይርሱ፤ ሰው ሲወጣ ይጥፋ። ከኤሲው ጋር አብሮ ሲሠራ ግን የኤሲውን ሙቀት ሁለት ዲግሪ ያህል ከፍ ለማድረግ ያስችላል።

ውጭ ያለውን የኤሲውን ክፍል አልጠቀሱልኝም፤ በረንዳ ላይ ከሆነ ሄደው ይዩት። ከቤት የወጣው ሙቀት በሙሉ የሚጣለው በእሱ በኩል ነው። ከፊቱ ልብስ ማድረቂያ፣ የከሰል ማዳበሪያ ወይም አሮጌ ፍራሽ ከተደገፈ ትኩሱን አየር መልሶ ይስበዋል፤ ያን ጊዜ ውስጥ ያለውን ዕቃ ሁሉ ብናስተካክልም ከንቱ ነው። ከኋላው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ከፊቱ ደግሞ በተቻለ መጠን እስከ 2 ሜትር ክፍት ቦታ ይኑረው። የአዳማን አቧራ ለአዳማ ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ በበጋ የውስጡን ፊልተር በየሁለት ሳምንቱ አውጥተው በውሃ ይጠቡና በጥላ ያድርቁት። የፊልተሩ አቧራ ከዲቫይደሩ ባልተናነሰ አየሩን ያግዳል።

ባለ 24,000ውን ኤሲ መጀመሪያ ላይ «አይግዙ» ብያለሁና ምክንያቱን ላስረዳ። ለ30 ካሬ ሜትር ሳሎን 18,000 ቢቲዩ ተገቢ መጠን ነው። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ላይ ስላለች አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በ18 በመቶ ገደማ ይሳሳል፤ ስለዚህ ኤሲ ከተጻፈበት ዐቅም በመጠኑ ይቀንሳል። ነገር ግን የተጻፈው ዐቅም የሚለካው የውጭው ሙቀት 35 ዲግሪ ሆኖ ነው፤ የእኛ ከተማ በመጋቢትና በሚያዝያ ትኩሳቷ እንኳ ብዙ ጊዜ ከዚያ በታች ስለምትሆን ከጎደለው ከፊሉ ይካካሳል። ባለ 24,000 በዚያው ቦታ ቢሰቀል የበለጠ ብዙ አየር በዲቫይደሩ ላይ ይወረውራል፤ ብርዱ በእናትዎ ላይ ይጨምራል፤ ማታም ከቀድሞው ፈጥኖ ይቆማል።

ዲቫይደሩ ሲነሣ ሌላም ጥቅም አለው። ከከተማዋ ወጣ ብሎ 51 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው አዳማ አንድና 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው አዳማ ሁለት የተባሉት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች የተተከሉት ነፋሱ ስላለ ነው፤ የበጋው ነፋስ ደግሞ በአብዛኛው ከምሥራቅ በኩል ይነፍሳል። በምሥራቅ በኩል በር ወይም መስኮት ካለዎት ማታ ከ2 ሰዓት በኋላና ማለዳ ሁለቱንም ወገን ከፍተው ቢያናፍሱ፣ ግድግዳው ቀን የጠጣው ሙቀት ይወጣል፤ ኤሲው የሚነሣበት ሰዓትም ይዘገያል። ዲቫይደሩ በመካከል ቆሞ እስካሁን ያንንም ነፋስ ሲያግድ ኖሯል።

ይህን ሁሉ አስተካክለው፣ ፊልተሩንም አጥበው ኤሲውን ሩብ ሰዓት ካሠሩት በኋላ በተራ የክፍል ቴርሞሜትር በአናቱ የሚገባውንና በምላሱ የሚወጣውን አየር ይለኩ። ልዩነቱ ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ከሆነ ማሽኑ ደህና ነው፤ ሳሎኑም በዚህ አቀማመጥ ደህና መቀዝቀዙ አይቀርም። ከ8 በታች ከሆነ ግን ነገሩ ከዕቃ አቀማመጥ ወጥቶ ወደ ማሽኑ ራሱ ገብቷል። ያን ጊዜ የሚመጣው ባለሙያ ጋዝ ከመጨመሩ በፊት ጋዙ የሚያፈስበት ቦታ እንዳለ እንዲፈልግ ይንገሩት፤ ደህና በሆነ ኤሲ ውስጥ ጋዝ በጊዜ ብዛት አያልቅም፤ ከጎደለ የወጣበት ቀዳዳ አለ።